ለግጥሙ የተተከለው ዛፍ

ሰኞ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል

ድምቡሼ ወንድሜ፣

ሰላምታሽ በየደብዳቤው አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ማኅተም ነው የምትመቺው ብለህ ስለቀለድክብኝ ዛሬ ሰላም አልልህም። ደህና ሁን አትሁን የራስህ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን ሁላችንም አለን።

ስለ አባባ ለጠየቅከኝ፣ ቀኝ እጁ አሁንም አልታዘዝ እንዳለው ነው። ሐኪሙ የሰጠውን የጎማ ኳስ ጨብጥ ሲሉት ይጨብጣል፣ ዘወር ሲሉለት ኪሱ ይከተዋል። በከዘራ ከመኝታው እስከ ግቢው በር ይሄዳል። ንግግሩ ተመልሶለታል፤ የሚናገረው ነገር ግን ያለው አይመስልም። ጠዋት በሩ ጋ ወንበር አወጣለታለሁ፣ ሲመሽ አስገባለታለሁ። በገዛ እጁ የሠራውን በር ተደግፎ መንገዱን ሲያይ ይውላል። እኔ መስኮቱ ሥር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አንዳንድ ቀን «በላህ?» እና «በላሁ» ከመባባል በቀር ቤታችን ውስጥ ቃል ሳይወጣ ይመሻል። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ጠየቅከኝ፣ መለስኩልህ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የመንደራችን ቤተ መጻሕፍት ጣሪያው ታድሶ ሊከፈት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጡት ፋርማሲስት ናቸው። ምን ብትጠይቃቸው «ይደረጋል!» ስለሚሉ ስማቸው አቶ ይደረጋል ሆኖ ቀርቷል። የፈለግከው መድኃኒት ቢያልቅባቸው እንኳ «የለም» ከአፋቸው አይወጣም። እኚህ ሰውዬ ስብሰባው መሃል ብድግ ብለው፣ «ገጣሚያችንን እንጥራ! ከሰዓት ሕዝቡ ከእሱ ጋር ኮረብታውን ይውጣ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግጥሙን ያንብብልን» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ አንተን መለመን ነው። ይኸው ለመንኩህ፤ ና።

የትኛውን ግጥም እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሌላም እንደጻፍክ የሚያውቅ እዚህ እኔ ብቻ ነኝ። ልጆቹ መንገድ ላይ ሳይቀር እየጮኹ ይሉታል፦

እጄን ይዞ አባቴ ዳገቱን ስንወጣ፣
አንዲት ዛፍ ጠበቀችን ፀሐይ እንዳትቆጣ።

ችግሩ ዛፏ ናት። ኮሚቴው መንገዱን ሊያይ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ያገኘው ሣርና ባዶ የውኃ ታንከር ነው። አቶ ይደረጋል በላብ ተዘፍቀው ተመለሱና «ዛፏን ማን ቆረጣት?» ብለው ምርመራ ጀመሩ። ስንት ሰው እንዳስታወሳት ብታይ! አንድ ሽማግሌ በልጅነቴ አህያዬን የማስረው እሷ ላይ ነበር ብለው ማሉ። ሌላዋ ቅርፊቷ ለሆድ ቁርጠት ፍቱን ነበር አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

መቼም አንተና እኔ እናውቃለን። ዛፍ አልነበረም። አባባም አንድ ቀን እንኳ ያንን ዳገት አልወጣም። ለምን እንደዚያ ብለህ እንደጻፍክ ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁንም አልጠይቅህም። አልጠይቅህም ስል ግን ጠየቅኩህ መሰለኝ።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ሰላምታዋ ከደብዳቤዎችህ ከጠፋ ሰነበተ። አኩርፋኝ ይሆን?

እታለም

*

እሑድ፣ ከሰዓት

እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሰበብ ልደርድር ብል አያጣኝም። ማተሚያ ቤቱ ከመጽሐፍ ክፍል አንስቶ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ወረቀት ወደሚያትመው ክፍል አዛውሮኛል። ቀኑን ሙሉ «ከምግብ በፊት» እና «ከምግብ በኋላ» ሳርም እውላለሁ። ግጥም ብሳሳት የሚጎዳ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ግን አንዲት ቃል ቦታዋን ብትስት ሰው ይታመማል። ማታ ስገባ የምጽፍበት ዓይን አይተርፈኝም። እውነቱን ለመናገር ዓይን ቢተርፈኝም አልጽፍም። ከጻፍኩ ቆየሁ።

ለዚህ ነው መምጣት የከበደኝ። ሰው የሚወደው አንዱን ግጥም ነው፤ እሱንም የጻፈው ሌላ ልጅ ነው፣ ከእኔ የሚሻል። ሕዝብ ሰብስቤ የዚያን ልጅ ሥራ የእኔ ነው ብዬ ላንብብ? አቶ ይደረጋልን በትሕትና አመስግኝልኝና «አይደረግም» በያቸው። ቃሉንም ይልመዱት።

አንድ መስመርሽ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። አባባ አልወጣም ማለትሽ ምን ማለት ነው? እጁ እኮ ትዝ ይለኛል። ሻካራ፣ ኮላና ሰጋቱራ የሚሸት የአናጢ እጅ። ፊት አላስታውስም፤ አራት ዓመቴ ነበር። ያ እጅ ግን ዓይኔን ጨፍኜም አይጠፋኝም። ግጥሙን የጀመርኩት ከዚያ ሽታ ተነስቼ ነው። በዚያ ቤት ኮላ የሚሸት ሌላ ማን ነበር?

ዛፏን በተመለከተ አዎ፣ ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። ጥላ ነበረ። ጥላ ካለ ዛፍ አለ ብዬ ነው።

ሚስቴ ደህና ናት።

ያንቺው

*

ረቡዕ፣ የስፌት መኪናው መርፌ ሰብሮብኝ ተቀምጬ

ወንድሜ፣

ሳትቀየመኝ አንብብ። ያ እጅ የእኔ ነው።

እማዬ ታማ በተኛችበት ዓመት አባባ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች ሊሠራ ቃል ሰጥቶ ነበር። እንጨቱ ተቆርጧል፣ ክፈፉ ተገጣጥሟል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያ መያዝ አቃተው። ያኔ እጁ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ሌላ ቦታ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ሥራ ቤቱ ገብቼ ክፈፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ የተላቀቀውን በኮላ እለጥፋለሁ። የእማዬ ሳል ሲጀምር ሁሉን እዚያው ጥዬ አንተን እያንጠለጠልኩ እወጣለሁ። እንዳትሰማ ብዬ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ሳል አይደርስም፤ ነፋስ ብቻ ነው። እጄን የምታጠብበት ጊዜ አልነበረኝም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ላንተ ለድምቡሼው ግን የማንም እጅ ትልቅ ነው።

ጥላውም አልጠፋህም። እማዬ ካሁን በኋላ የማትለብሰውን ካፖርት ይዤ እወጣ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ ከራስህ በላይ ዘርግቼ እይዘዋለሁ፣ አንተ ከሥሩ ትተኛለህ። ክንዴ ሲዝል እቀያይራለሁ።

አባባ በሩ ላይ ይቀር ነበር። ወደ እማዬ አይገባም፣ ከእኛ ጋር አይወጣም። ሰው እንዴት በበር መሃል ይኖራል? እንዲህ ተናድጄበት ስለነበር ስንወጣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። አንተም ልትዞር ስትል አገጭህን ይዤ ወደ ላይ እመልስህ ነበር።

መጽሐፍህ በፖስታ የመጣ ቀን ሥራዬን አቁሜ እዚሁ ወንበር ላይ አነበብኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ራሴን ፈለግኩ። ገጹን ገልብጬ ፈለግኩ፣ የለሁም። ያንን ዓመት ካንተ በቀር ያየልኝ ሰው አልነበረም፤ አንተም እንደረሳኸኝ ያወቅኩት ከታተመ በኋላ ነው። ማንን አስቀይሜ ነው እንዲህ የምረሳው እያልኩ ለብቻዬ አለቀስኩ። አባባን ግን መንገደኛው ሁሉ «እንዴት ያለ አባት!» ሲለው ኖረ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? ለዚህ ነው ይህንን ነገር ያን ሁሉ ዘመን ሳልጽፍልህ የቆየሁት።

አሁን ግን ልለምንህ። የኮሚቴውን ልመና ተወው፤ ይህ የራሴ ነው። ና፣ አንብብ፣ ከማንበብህ በፊት ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ማን እንዳወጣህ አንዴ ተናገር። አንዴ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዛፍ ተገኝቷል። አቶ ይደረጋል ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንዱን ዛፍ ከነሥሩ አስነቅለው፣ በትራክተር አስጎትተው ኮረብታው አናት ላይ አስተክለዋል። ርዕሰ መምህሯ ልጆቼ የት ሊጠለሉ ነው ብላ አኩርፋለች። አህያቸውን ያስሩባት የነበሩት ሽማግሌ ወጥተው አይተው፣ «እሷው ናት፣ ትንሽ ከስታለች እንጂ» ብለው መሰከሩ።

እታለም

*

ሐሙስ፣ በሥራ መሃል

እታለም፣

እመጣለሁ። እናገራለሁም።

ሌላ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ መንገድ ላይ የሰው እጅ ሳይ ነው የምውለው። አራሚ ነኝ፤ የሰው ስሕተት አድኜ ነው የምበላው። የራሴን ግን በየትምህርት ቤቱ አስጠናሁት።

አንቺ ከነገርሽኝ እኔም ልንገርሽ። ሚስቴ የለችም። ከዝናቡ በፊት ነው የሄደችው፤ አልተጣላንም፣ ዝም ስለምትል ሰለቸኝ አለችኝ። ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ቤቱ ስለሰፋብኝ አንዱን ክፍል ዘግቼዋለሁ። እንግዲህ ብቻዬን እንደምመጣ እወቂ፤ አንድ ፍራሽ ይበቃኛል።

ድምቡሼ (ለመጨረሻ ጊዜ)

*

ዓርብ፣ ጠዋት

ወንድም ዓለም፣

ከመነሳትህ በፊት እንዲደርስህ ይህንን የሰጠሁት ለአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ብቻህን መሆንህን ስሰማ የተሰማኝን ስትመጣ እነግርሃለሁ። አሁን የምነግርህ ሌላ ነው፤ ፈጥነህ አንብበው።

አትናገር። የለመንኩህን መልስልኝ።

የአንተን መምጣት የሚያወራው ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ መንገደኛው በራችን ላይ ሳይቆም አያልፍም። «አባታችን፣ እስቲ ኮረብታውን እንዴት እንዳወጡት ይንገሩን» ይሉታል። መጀመሪያ ፈገግ ብቻ አለ። በማግስቱ «እጁን ይዤ ነበር» አለ። አሁን የተማሪ ቡድን በየቀኑ ይመጣል፤ አባባ በከዘራው አፈሩ ላይ መንገዱን እየሣለ ያስረዳቸዋል፤ እዚህ ጋ አረፍን፣ እዚህ ጋ ተሰናከለ፣ ይላል። እዚያች ዳገቱ ላይ ያለች ድንጋይ ጋ መሰናከልህ እውነት ነው፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ጨርቁን ጥዬ ተነስቼ ነበር። በሰው ፊት «ውሸት ነው» ልለው መጋረጃውን ገለጥኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። እማዬ ከሞተች ወዲህ ያንን ፊት አላየሁትም። በግራ እጁ ጢሙን ራሱ ተላጭቷል፣ አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ትናንት «በላህ?» ስለው «በላሁ» ብሎ አልተወኝም። «ያ ልጅ ይመጣል አይደል?» አለኝ። ከዚያ ስለ በር፣ ስለ እንጨት፣ ስለማላውቀው ስለ ወጣትነቱ ሲያወራኝ አመሸ። ቤታችን ውስጥ ድምፅ ነበረ፣ ወንድሜ።

ዋሽቶ ይሁን አምኖበት አላውቅም። አልመረምረውም። ሽማግሌው አህያቸውን ዛፍ ላይ ያሰሩ እንደሆነ አባባስ የአንድ ልጅ እጅ ቢይዝ ማን ይጎዳል? እኔ ልጎዳ እችላለሁ፤ ግን ለምጄዋለሁ። እሱ ያለው ያ ዳገት ብቻ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ግጥሙን እንዳለ አንብብና ውረድ።

እታለም

*

ሐሙስ፣ ቤቴ እንደገባሁ

እታለም፣

ዓርብ የጻፍሽው ደብዳቤ በቤቴ በር ሥር ጠበቀኝ። የማተሚያ ቤቱን ዕቃ በመንገዴ እንዳደርስ ታዝዤ ቀድሜ ወጥቼ ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ አነበብኩት። አሁን መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

አውቶቡሱ ጋ ስትሸኚኝ ለምን ዓይኔን እንዳላየሽ አሁን ገባኝ። አንብቤው እያወቅኩ የተናገርኩ መስሎሽ ነው። እኔ ደግሞ እፍረት ነው፣ ማታ ሰው ሁሉ ስላጨበጨበላት ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቤት አድረን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ በልተን ምንም ሳንባባል ተለያየን። ሚስቴ እውነቷን ነው።

ያየሁትን ልንገርሽ፣ አንቺ ከኋላ ወንበር ስለነበርሽ ሁሉን አላየሽም። ከሰዓት ሕዝቡ ከበራችን ሲነሳ አባባ ከወንበሩ ተነስቶ ከዘራውን ወደ ላይ አንስቶ ነበር። ኩራት መሰለኝ። ሰው ከቦኝ ስለነበር ደግሜ ዞሬ አላየሁትም። ማታ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ወረቀቱን አስቀምጬ «እዚህ ግጥም ውስጥ አንዲት ሰው ቀርታለች» አልኩ። ስለ እጅሽ ነገርኳቸው፣ ስለ መስኮቶቹ፣ ስለ ካፖርቱ። ሁሉም ወንበሩን እያንጓጓ ወዳንቺ ዞረ። አቶ ይደረጋል ቆመው አጨበጨቡ። አባባ ከፊት ወንበር ነበር፤ ቀኝ እጁ እምቢ ስላለው በግራ እጁ ጉልበቱን እየመታ ያጨበጭብ ነበር። ደግሞም ከሁሉም በኋላ ነው ያቆመው። ደስ ብሎት ነው ብዬ ነበር እኮ።

ምን እያደረገ ነው? እውነቱን ጻፊልኝ፤ ደህና ነው አትበይኝ።

ወንድምሽ

*

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ወንድሜ፣

ስለጠረጠርኩህ ይቅር በለኝ። አንብቦ ነው የናቀኝ ብዬ ነበር። ሾፌሩን አግኝቼ ጠየቅኩት፤ «በር አንኳኳሁ፣ የሚከፍት ጠፋ፣ ከሥር አሾለኩት» አለኝ። በሰውዬው ምን ልፍረድ?

እውነቱን ጻፊ አልክ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ወንበሩን ወደ በሩ ሳወጣው «ተዪው» ይለኛል። ጓዳ ውስጥ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል። ልጆቹ ሲመጡ «እሷን ጠይቋት» ይላል፤ ክፋት ሳይኖርበት፣ እንደ ጨዋ ሰው። ጢሙ አድጓል። «በላህ?» ስለው «በላሁ» ይለኛል። ያንን ማታ ከአዳራሹ ክንዴን ይዞ ሲመለስ አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጫማዬ ጠጠር ገባበት አለ፣ አወጣሁለት፣ ሄድን።

እኔንማ አትጠይቀኝ። ሲጨበጨብልኝ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ነበር። ደስታው ግን ቤታችን በር ላይ ሳንደርስ አለቀ። አሁን መንገድ ላይ ሰው «ዛፏ እንዴት አደርሽ?» እያለ ይቀልድብኛል፤ እስቅላቸዋለሁ። ስገባ ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ዝም ብሏል። በፊት ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን አባባ ላይ ተናድጄ ስለነበር ንዴቱ አብሮኝ ይውል ነበር። አሁን እሱም የለኝም።

አንተ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግከው። የለመንኩህን ነው ያደረግከው። የለመነችህ ሰው ናት ሐሳቧን የቀየረች።

ያኛው ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ነው። አቶ ይደረጋል በሳምንት አንዴ በጭነት መኪና ውኃ ያስወጡለታል።

እታለም

*

ቅዳሜ

እታለም፣

ለአባባ ደብዳቤ ልጽፍ ሞከርኩ። «ይቅርታ» ብዬ ጀመርኩ፤ ይቅርታ ለምኑ እንደሆነ ስጽፈው ያው ያንን ማታ መድገም ሆነብኝ። ቀደድኩት። እንደገና ጽፌ እሱንም ቀደድኩት። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቆሜ የጎረቤቶቼን መብራት አያለሁ፤ ከአንዳቸው ጋር እንኳ እጅ ተነሣስቼ አላውቅም።

አሳታሚው ግጥሞቹን በአዲስ እትም ሊያወጣ ነው። የምለውጠው ካለ እንድነግረው ጠይቆኛል። ጥቂት ቃል ነው፤ እችላለሁ። አባባን አውጥቼ አንቺን ላስገባ? ሁለታችሁንም ላስገባ? ወይስ ልተወው? ይህንን እኔ መወሰን የለብኝም፤ አንዴ ሳልጠይቅሽ ወስኛለሁ። የምትዪኝን እጽፋለሁ።

ወንድምሽ

*

ዓርብ፣ ከኮረብታው እንደተመለስን

ድምቡሼ፣

«እንደተመለስን» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም።

ትናንት ማታ አባባ ሳልጠይቀው «ያ ዛፍ ውኃ ይጠጣል?» አለኝ። ነገ መኪናው ይወጣል አልኩት። «እኔንም ይጫነኝ» አለ። እንዳይንገላታ ብዬ ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ጠዋት ፋርማሲው ሄጄ ለአቶ ይደረጋል ነገርኳቸው። የሚሉትን ታውቀዋለህ። ራሳቸው ፍራሽ ይዘው መጡ፤ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥነው፣ እኔ ከኋላ ከበርሜሎቹ ጋር ወጣሁ። ቂጤ እስካሁን ያመኛል።

አናቱ ላይ ስንደርስ ዛፉን እንደ ገዢ ዞረው። በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ቅርፊቱን ፋቅ አደረገና አየው። «ሲነቅሉት ሥሩን በጥሰውታል። ከላይ ደርቋል፤ ከታች ገና ነው» አለ። ይድናል አላለኝም፣ አይድንም አላለኝም። ሾፌሩ ውኃውን ሲያፈስ አንድ ባልዲ ደፍቼ አስቀመጥኩት። ፀሐዩ ከሮ ነበር። ዛፉ ቅጠል ስለሌለው ሹራቤን አውልቄ ከራሱ በላይ ያዝኩለት።

ወደ ታች ሲያይ ቆየ። መንደራችን ከዚያ ትንሽ ናት፣ ታስታውሳለህ። እኔም ወደዚያ ካየሁ ስንት ዘመኔ።

«በራችን ከዚህ ይታያል እንዴ?» አለኝ።

ይታያል አልኩት። ሰማያዊው ቀለም እስኪለይ ድረስ ይታያል፤ እኔም ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

«ሰው ቢቆምበትስ?»

«እሱም ይታያል።»

ከዘራውን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አደረገው። ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ሹራቡን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር እንዲህ አለኝ፦

«እስክትጠፉ ድረስ አያችሁ ነበር። በየቀኑ። ከእሷ ርቄ መውጣት አልቻልኩም፣ ገብቼ ማየትም አልቻልኩም። እዚያች ድንጋይ ጋ ሲሰናከል አንቺ ስታነሺው እኔ ከታች እጄን እዘረጋ ነበር። ታዩኝ ነበር?»

ስለ አዲሱ እትም ለጠየቅከኝ፣ ግጥሙን እንዳለ ተወው። አንዲት ቃል አትንካ። እጅህን ይዞ ነበር፤ እጁ አልደረሰም እንጂ ይዞህ ነበር። እኔ በአዳራሹ ተነግሮልኛል፣ ይበቃኛል።

ወንበሩን ዛሬ ራሱ እየጎተተ ወደ በሩ አወጣው። አሁን ከመስኮቴ ጀርባው ይታየኛል። ስትመጣ የዘጋኸውን ክፍል እንደዘጋኸው ትተኸው ና፤ እዚህ ሁለት ፍራሽ አለ።

እሱን ግን ምን ብዬ እንደመለስኩለት ልንገርህ፣ አንድ ቀን አንተንም መጠየቁ አይቀርም። «እናይህ ነበር፣ አባባ» አልኩት። «በየቀኑ ዞረን እናይህ ነበር። ድምቡሼማ እጁን ያውለበልብልህ ነበር።»

ሲጠይቅህ አንተም እንደዚሁ በለው።

እታለም